የአንድ ሰዓት መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድ የሒሳብ መምህር፣ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚጽፋት አንዲት ጥያቄ ነበረችው። «ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር በአየር ያለው ቀጥታ ርቀት 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ይህን ርቀት በስንት ደቂቃ ይጨርሰዋል?» ተማሪዎቹ ርቀቱን ለፍጥነቱ አካፍለው 33 ደቂቃ ብለው ይመልሳሉ። መልሱም ትክክል ነው። መምህሩ ግን እዚያ ላይ አያቆምም፤ የበረራ ሰሌዳ ከኪሱ አውጥቶ ያሳያቸዋል። በሰሌዳው ላይ የታተመው ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ነው። «ታዲያ የቀረው 27 ደቂቃ የት ገባ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል።

ተማሪዎቹ ያን ጊዜ አንድ ነገር ይረዳሉ። አውሮፕላን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ከተነሣበት እስከሚያርፍበት በአንድ ፍጥነት የሚወረወር ነገር አይደለም። ሰሌዳው የሚቆጥረው ሰዓት፣ አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነቃንቆ በሜዳው ጫፍ ተራውን እስኪጠብቅ፣ ተንደርድሮ እስኪነሣ፣ ከፍታውን ይዞ መስመሩን እስኪያገኝ፣ ከዚያም ፍጥነቱን እየቀነሰ ወርዶ ዳግም እስኪቆም ያለውን ሁሉ ነው። መንገዱ ባጠረ መጠን ይህ የመነሻና የመድረሻ ጣጣ ከጠቅላላው ጊዜ የሚወስደው ድርሻ ይበዛል። መምህሩ ከዚህ አንድ ቁም ነገር ያወጣ ነበር፤ ይኸውም ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ እውነቱ ጎዶሎ ሊሆን እንደሚችል ነው። በዚህ ትምህርቱ ይኮራበት ነበር። እስከ 2005 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ድረስም የጥያቄዋን መጨረሻ የደረሰበት ይመስለው ነበር።

የመምህሩ የትውልድ አገር ደቡብ ጎንደር ነው፤ ከደብረ ታቦር በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በጉና ተራራ ግርጌ፣ ገብስና ድንች ከሚያመርቱ ደገኞች መንደር። ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከእርሱ ተነሥተው ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርዱና ጣና ይገባሉ። በዚያ አገር ርቀት የሚነገረው በኪሎ ሜትር አልነበረም። «የጠዋት መንገድ»፣ «የአንድ ጀምበር መንገድ»፣ «ሁለት አዳር» ይባል ነበር። ልኩም እንደ ወራቱና እንደ መንገደኛው ይለዋወጣል። ባዶ እጁን ለሚሄድ ጎረምሳ የጠዋት የሆነው መንገድ፣ እህል የጫነ አህያ ለሚነዳ ሰው ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ሕመምተኛ በቃሬዛ ለተሸከሙ ጎረቤታሞች ደግሞ አዳር አለው። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ ተረግጦ የሚታለፈው ጅረት በሐምሌና በነሐሴ ሰው ያሳድራል። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ «ይህ አገር ስንት ይርቃል?» ተብለው ሲጠየቁ «ምን ይዘሃል?» ብለው መልሰው ቢጠይቁ አላዋቂነት አልነበረም። የአገሩ ስሌት የሚጀምረው ከዚያ ነበር።

መምህሩም በልጅነቱ ርቀትን የተማረው በጀርባው ነው። ደብረ ታቦር ጎጆ ተከራይተው ከሚማሩት የገጠር ልጆች አንዱ ስለነበረ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ የሳምንት ስንቁን፣ በሶውንና ቆሎውን፣ ድርቆሹንም ተሸክሞ አራት ሰዓት ተጉዞ ከተማ ይገባል። ዓርብ ማታ ባዶ ስልቻውን አንግቦ ይመለሳል። ሲሄድ ቁልቁለቱ፣ ሲመለስ ዳገቱ ይበዛል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የሚፈጥነው ሲመለስ ነበር። ሸክሙ ቀልሏልና፤ ቤቱም እዚያ ነውና።

ርቀት የሸክም ጉዳይ መሆኑን ለማስተማር ደብረ ታቦርን የሚያህል ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በየጁው ራስ ጉግሣ ዘመን የገዥ መቀመጫ የሆነው ይህ ከተማ፣ ኋላም ለዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ዋና ከተማ ሆኗል። ንጉሠ ነገሥቱ በከተማው አቅራቢያ ባለችው በጋፋት የእጅ ሙያ ያላቸውን አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ከመድፎቹ ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ያህል ይመዝን ነበር። ቴዎድሮስ ይህን መድፍ ይዘው መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ።

ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በካርታ ላይ ቀጥታ መስመር ቢሰመር ርዝመቱ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመምህሩ የጥቁር ሰሌዳ ስሌት ከሆነ የ16 ደቂቃ በረራ መሆኑ ነው። ቴዎድሮስ መቅደላ የደረሱት ግን በመጋቢት ወር ነው፤ አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀባቸው። ፈረስ ጭነው ብቻ ቢሆን በቀናት ውስጥ በገቡ ነበር። ሴባስቶፖልን ግን የሚሸከም ፈረስ የለም። በሠረገላ ላይ ተጭኖ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እየጎተቱት፣ ዓለት እየተፈለጠ፣ ገደል እየተደለደለ፣ መንገዱ ከፊት ከፊቱ እየተሠራለት ነበር የሚሄደው። የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች መውረድና መውጣት ነበረበት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል።

በዚያው ወራት የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ጠረፍ፣ ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። እርሱም የሸክሙ ባሪያ ነበር፤ በጠረፉ ላይ ሐዲድ ዘርግቶ፣ ከባድ መድፎቹን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከህንድ አስመጥቶ ነበር። ሁለቱ ጦሮች ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ተጋጠሙ። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘ፤ ቴዎድሮስም እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል በጦርነቱ ዕለት የረባ አገልግሎት ሳይሰጥ ቀረ። ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ይገኛል፤ አምሳያው ደግሞ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። በአደባባዩ የሚያልፍ ሰው የሚያደንቀው የመድፉን ግዝፈት ነው። የደብረ ታቦር ልጆች ግን ሌላም የሚያደንቁት ነገር አላቸው፤ ይኸውም በእነዚያ ወራት በእጅ የተጠረገው መንገድ ነው።

ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወልድያ የሚደርስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን አውራ ጎዳና በቻይና እርዳታ ተሠራ። ሕዝቡም «የቻይና መንገድ» ብሎ ጠራው። በአየርም በኩል ቢሆን፣ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ በተከታዮቹ ዐሥርት ዓመታት ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በአንድ የበረራ መስመር አስተሳሰራቸው። ከባሕር ዳር ላሊበላ በአየር ቀጥታ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና በወረታና በደብረ ታቦር፣ በጋሸናም ዞሮ ለሚሄድ ሰው ግን ከ300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ያን የአየር መስመር በካርታ ላይ በማስመሪያ ያሰመረ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። መስመሩ የሚያልፈው በደብረ ታቦርና በጉና መካከል ነው። የመምህሩ የትውልድ መንደር ከዚያ መስመር በታች ናት። የሁለቱ ከተሞች ርቀት ሲሰላ መንደሪቱ ከ185ቱ ኪሎ ሜትር ውስጥ ትቆጠራለች፤ አገር ሆና ግን አትቆጠርም።

ነሐሴ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ የመምህሩ ስልክ ጮኸ። የደወለው የአጎቱ ልጅ ነበር። «አባትህን ትንሽ አሟቸዋልና ብትመጣ መልካም ነው» አለው። በአገሩ ወግ ሩቅ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። መምህሩ ግን ወጉን ያውቃልና «ትንሽ» የምትለው ቃል ምን እንደ ተሸከመች ተረዳ። ሌላ ጥያቄም አልጠየቀም።

ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ ትኬት ሲቆርጥ፣ በፍተሻ ሲያልፍ አራት ሰዓት ተኩል ሄደ። አውሮፕላኑ በአምስት ሰዓት ተኩል ተነሥቶ፣ ሰሌዳው እንዳለው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ባሕር ዳር አደረሰው። በመስኮቱ በኩል ከደመና በስተቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ለማረፍ ዝቅ ሲል ግን ጣና ታየ፤ ወንዞቹ የሚገቡበት ዳርቻ አፈር ተሸክሞ ቀልቷል። ከዚያ አፈር ምናልባት ጥቂቱ የአባቱ ማሳ ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ባሕር ዳር የቆመው ያ ሰው በቀጥታ መስመር ቢለካ ከአባቱ ደጅ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም።

ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ጠበቀ። ወረታ ላይ ሌላ መኪና ያዘ። የፎገራን ሜዳ ለቅቆ ወደ ደጋው ሲወጣ ዝናቡ ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደብረ ታቦር ገባ። ከዚያም በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ፣ መኪና የሚሄድበት መንገድ እስከሚያበቃበት ድረስ ሄደ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። የቀረው 12 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ ነው፤ በበጋ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ወቅቱ ግን ነሐሴ ነበር። በሕፃንነቱ እየዘለለ ያልፈው የነበረው ጅረት ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። መምህሩ የከተማ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ውኃው ጎደል እስኪል ከአንድ ሰዓት በላይ ዳር ላይ ቆመ። በመጨረሻ ከብት ጠባቂ ልጆች በዱላ እየመሩ አሻገሩት።

ዕለቱ የደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ ነበር፤ ነገ ቡሄ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ከየተረተሩ የጅራፍ ድምፅ መሰማት ጀመረ። ከማዶ አንዱ ያጮኸዋል፤ ከወዲህ ሌላው ይመልስለታል። በመሸ ጊዜ ችቦ እዚህም እዚያም ታየ። መምህሩ እየተራመደ ድምፁን ያዳምጥ ነበር። የየትኛው መንደር ልጆች ጅራፍ እንደሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ በጆሮው ለይቶ ያውቃል። ከምሥራቅ ሰማ፤ ከታች ከሸለቆው ሰማ፤ ከላይ ከተራራው ጥግ ሰማ። ከአባቱ ጎጥ ብቻ ምንም አልተሰማም። ልቅሶ ባለበት ጎጥ ጅራፍ አይጮኽም። በስልክ ያልተነገረው መርዶ እዚያ ላይ ተነገረው።

ቤቱ የደረሰው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። አስከሬኑ ልጅ ይደርሳል ተብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቷል። ከዚያ በላይ ማቆየት አልተቻለም። መቃብሩን የቆፈሩት፣ ቃሬዛውን የተሸከሙት፣ አፈር ያለበሱት ጎረቤቶች ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው። ልቅሶው ጋብ ካለና እግሩ ከታጠበለት በኋላ፣ የአባቱ ታናሽ ወንድም የሆኑት ሽማግሌ ከእሳቱ አጠገብ አስቀምጠው ጠየቁት።

«በምን መጣህ ልጄ?»

«በአውሮፕላን መጣሁ፣ አያ።»

«አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

«አንድ ሰዓት።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው አሰቡና «እንግዲያ እንዴት ሳትደርስ ቀረህ?» አሉት።

ወቀሳ አልነበረም። ያልገባቸውን ነገር የተማረው ልጃቸው እንዲያስረዳቸው ፈልገው ነው። ዕድሜውን በሙሉ ጊዜንና ርቀትን ሲያካፍል የኖረው መምህር ግን የሚመልሰው አጣ። ያን ሌሊት እንቅልፍ ስላልወሰደው በጨለማው ውስጥ ቆጠረ። ስልክ ከተደወለለት ጀምሮ አሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል ተጉዟል። ከዚህ ውስጥ አንዱ ሰዓት 330ውን ኪሎ ሜትር በልቷል፤ የመጨረሻው 12 ኪሎ ሜትር ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ወስዷል። ለካ ያ የሚኮራበት ጥያቄ የጠፋውን 27 ደቂቃ ሲፈልግ ኖሯል እንጂ የጠፋውን ቀን ፈልጎ አያውቅም።

የአንድ ሰው ሐዘን የአንድ ሰው ነው፤ ለቀብር ያልደረሰም ቢሆን ለሠልስት ይደርሳል። ያው መንገድ ግን ተጓዡ ወደ ታች ሲሄድበት ሌላ ነገር ነው። ምጥ የጠናባት እናት በዚያው ጅረት፣ በዚያው ጭቃ፣ በጎረቤት ትከሻ ተይዛ ወደ ሐኪም ቤት ትወርዳለች። ለእርሷ ሠልስት የሚባል ሁለተኛ ቀጠሮ የለም። የእርሷ ጉዞ ሲሰላ ከደብረ ታቦር ወዲያ ያለው መንገድ ጥሩ ነው፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ነው የሚለው ቁጥር ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ አይጠቅማትም። የሚወስነው የመጀመሪያው 12 ኪሎ ሜትር ነው።

ይህ ሲባል አውሮፕላንን መውቀስ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጭነት አውሮፕላኖች በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል በጆንያ ከአየር ይጥሉ ነበር። መኪና የማይወጣው፣ አጋሰስ ሊያዳርሰው ያልቻለው አምባ ላይ እህል የደረሰው በዚያ መንገድ ነው። ያን ጊዜ ርቀቱ የተለካው ከአንድ ከተማ እስከ ሌላ ከተማ አልነበረም፤ ከእህሉ እስከ ተራበው አፍ ነበር። አውሮፕላኑ የሚለካውን የሚወስነው እንግዲህ ሰው ነው። የቴዎድሮስ ሠራዊት ለመድፍ የጠረገውን ያህል ጥርጊያ፣ ለእናቶች ቃሬዛ የሚጠርግ ትውልድ ቢነሣ ከዚያ የሚቀለውን ሥራ ሠራ ማለት ነው። ሰባት ቶን የሚመዝን ቃሬዛ የለምና።

የሥራ ኃላፊው የወረዳውን ዘገባ ሲጽፍ፣ ከዋናው ከተማ እስከ ወረዳው ያለውን ኪሎ ሜትር ይሞላና ሠንጠረዡን ይዘጋል። ከያኒውም ብዙ ጊዜ ከዚህ አይሻልም። ደጋውን በመስኮት አይቶ ስለ ውበቱ ይጽፋል፤ የጉናን ጭጋግ ያደንቃል፤ ከጭጋጉ በታች ጫማውን በእጁ ይዞ ውኃ እስኪጎድል የቆመውን ሰው ግን አያየውም። ሁለቱም ስሌታቸው ትክክል ነው። የሁለቱም እውነት ጎዶሎ ነው።

በ2006 ዓ.ም. መስከረም ትምህርት ሲከፈት መምህሩ እንደ ልማዱ ጥያቄውን በሰሌዳው ላይ ጻፈ። ተማሪዎቹ 33 ደቂቃ አሉ። የበረራ ሰሌዳውን አሳያቸው፤ ስለ 27ቱ ደቂቃም አስረዳቸው። ከዚያ ጠመኔውን እንደ ያዘ ጥቂት ቆየና ከበታቹ ሌላ ጥያቄ ጨመረ። «አንድ ሰው አባቱን ለመቅበር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአንድ ሰዓት ባሕር ዳር ደረሰ። የአባቱ ቤት ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ይሁን እንጂ በስምንት ሰዓት ዘግይቶ ገባ። ለምን?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዳንዶቹ ለማካፈል ሞከሩ፤ የሚያካፍሉት ቁጥር ግን አጡ። አንዱ መኪናው ተበላሽቶ ይሆናል አለ። ሌላው ሰውየው ተኝቶ ይሆናል ሲል ሳቁ። ከኋላ ወንበር ላይ፣ በዚያው ዓመት ከገጠር መጥታ ከዘመድ ቤት የተጠጋች አንዲት ልጅ ነበረች። በክፍሉ ውስጥ እምብዛም አትናገርም። እጇን አነሣችና፣

«ጋሼ፣ ወራቱ ክረምት ነበር ወይስ በጋ?» ብላ ጠየቀች።